ማውሱ በማን እጅ ነበር

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተማረ ሰው ፕሮጀክተር ምን ያህል ብርቅ እንደነበረ አይረሳውም። እኔ የምሠራበት የፒያሳ ማሠልጠኛ አንድም አልነበረውም። የነበረው አንድ ረጅም ክፍል፣ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ጀርባቸው ያበጠ ሞኒተሮች፣ ፀሐይ የሚከለክል ወፍራም መጋረጃና በሩ ላይ የጫማ መደርደሪያ ነው። ተማሪው ጫማውን አውልቆ በካልሲ ይገባል። አቧራ ማሽን ይገድላል ተብሎ ይታመን ስለነበር ትምህርት ሲያልቅ እያንዳንዱን ሞኒተር በጨርቅ እንሸፍነዋለን። ያ ክፍል ጸጥታው፣ የማቀዝቀዣዎቹ ንፋስ የሚያሰማው ወጥ ድምፅ፣ ከሰዓት በኋላ የሚሸተው የጋለ ፕላስቲክ ዛሬም ከእኔ ጋር አለ።

ማስተማሩ እንዲህ ነበር። በእኔ ማሽን ላይ አንድ ነገር አሳያለሁ፤ ተማሪዎቹ ከወንበራቸው ተነስተው ከጀርባዬ ይኮለኮላሉ። ፊት የቆሙት ያያሉ። ኋላ የቀሩት በሰው ትከሻ መሐል አንገታቸውን ያሰግጋሉ። አጠር ያለች ልጅ የምታየው የጓደኛዋን ጀርባ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል፤ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ካየው ግማሹ ጠፍቶበታል። «ቲቸር፣ የቱ ጋ ነበር?» የሚል ጥያቄ ከግራም ከቀኝም ይመጣል። አስተማሪውም እየዞረ፣ በየማሽኑ ጎንበስ እያለ፣ ማውሱን ከተማሪው እጅ ይወስድና ራሱ ሠርቶ ያሳያል። በየማሠልጠኛው የነበርን አስተማሪዎች ሁሉ እንደዚያ እናደርግ ነበር። ተማሪው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የራሱ ማሽን ላይ ሌላ ሰው ሲሠራ ይመለከታል።

መላው የተገኘው እዚያው ማሽኖቹ ውስጥ ነው። ዊንዶውስ 98 ሲጫን ኔትሚቲንግ የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይገባ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያወጣው ሰዎች በኢንተርኔት በድምፅና በምስል እንዲነጋገሩበት አስቦ ነው። በእኛ የስልክ መስመር ያ የማይታሰብ ነበር። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሞደም እያፏጨ አንዲት ኢሜይል ለማውረድ የምንጠብቀው ጊዜ ቡና ያስፈላል። ስለዚህ ኔትሚቲንግን የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ኔትወርክ የሚዘረጋልን ወጣት ግን አንድ ከሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ነገር ኢንተርኔት ሳይኖርም በራሳችን ኬብል ላይ ይሠራል አለኝ። ማሽኖቹ ሁሉ ከአንድ ሃብ ጋር ተያይዘው ነበር። የየማሽኑን የአይፒ ቁጥር ከኪቦርዱ ሥር በወረቀት ለጥፎታል። እሱ ቁጥሩን ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ በክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ተራ በተራ እንደ ስልክ መጥራት ጀመሩ።

በማግስቱ ጠዋት ለተማሪዎቹ ምንም ሳልነግር ኤክሴልን ከፈትኩና አጋራሁት። በሁሉም ሞኒተር ላይ የእኔ ሠንጠረዥ ወጣ። የእኔ የማውስ ቀስት በእያንዳንዱ ስክሪን ላይ ስትሄድ ታየች። ከተማሪዎቹ ግማሹ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ «ቲቸር፣ የኔ ብቻውን ይንቀሳቀሳል!» አለ። ሌላው ጎረቤቱን አየ፤ የእሱም እንደዚያው ነው። ከዚያ ሁሉም አንድ ጊዜ ዞሮ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ «ደሞዝ» ብዬ ጻፍኩ። ከዳር እስከ ዳር «ደሞዝ» ተጻፈ። ያኔ ከክፍሉ የተሰማው ሳቅ የደስታ ሳቅ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ከጀርባዬ የተኮለኮለ ተማሪ የለም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎቹ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ፤ ዛሬ በስልኩ ስክሪን ሼር የሚያደርግ ሰውም ስለማይጠይቀው መናገሩ አይከፋም። ፕሮግራሙ የትም አልሄደም። ኤክሴል የሚሠራው በእኔ ማሽን ላይ ብቻ ነው፤ ስሌቱን የሚያሰላው የእኔ ማሽን ነው፤ ፋይሉም የሚቀመጠው እዚያው ነው። በኬብሉ የሚጓዘው መልኩ ብቻ ነው። ሌላኛው ማሽን ላይ ኤክሴል ባይጫንም ይታያል። ከስክሪኔም የሚታያቸው ያጋራሁት መስኮት እንጂ ሌላው አይደለም፤ የፈተና ጥያቄ የያዘ ፋይል ከጎኑ ቢከፈት አያዩትም። ሌላ መስኮት ያጋራሁትን ከሸፈነው ደግሞ የተሸፈነው ቦታ እነሱ ዘንድ በተጠላለፉ መስመሮች ተሞልቶ ይወጣል። ይህን ሳይ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ስለ ሰው ገመና አስበውበታል ብዬ አክብሬያቸው ነበር።

ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ሌላ ነው። ከመስኮቱ አናት ላይ ከምናሌው አንዱ፣ ላጋራኸው ፕሮግራም መቆጣጠሪያውን ለሌላ ሰው ስጥ የሚል ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ባለው የመጨረሻ ማሽን ሁልጊዜ የምትቀመጥ ከደሴ የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ስትጠየቅም አንገቷን ትደፋለች። ሥራዋን ሳይ ግን ልክ ነበር፤ ከክፍሉ ሁሉ ልክ የሚሆነው የእሷ ነው። ድምር በቀመር እንዴት እንደሚሠራ በተማርንበት ቀን መቆጣጠሪያውን ለእሷ ሰጠሁ።

«ሁለቴ ክሊክ አድርጊው። አሁን ማውሱ አንቺ ጋ ነው።»

«እኔ ጋ?»

«አንቺ ጋ። ጻፊ።»

ቀስቷ በየሞኒተሩ ላይ ትንሽ ተወላገደችና ወደ ትክክለኛው ክፍል ገባች። እኩል ምልክት ተጻፈ። ቀጥሎ ቀመሩ፣ ቅንፉ፣ ከዚህ እስከዚያ የሚለው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእሷ ኪቦርድ ብቻ ነበር። ኢንተር ስትመታው ድምሩ በሁሉም ማሽን ላይ ወጣ። ከፊት ረድፍ የነበሩት ወንዶች ማን እንደጻፈው ለማየት ዞሩ፤ እሷ ስክሪኗን እያየች ነበር። ከዚያ አንዱ ቁጥር እንደተሳሳተ አየችና ማንም ሳይነግራት ተመልሳ አስተካከለችው። ድምሩ በራሱ ተለወጠ። ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው።

ከዚያ በኋላ መቆጣጠሪያውን ለመጠየቅ ወረፋ ሆነ። ደንቡ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ማውሱን አብሮ መያዝ አይችልም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ስህተቱን ከቦታው ሆኖ ይናገራል። እኔም በራሴ ማሽን ላይ ሌላ ሰው ሲሠራ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ አየሁ። ተማሪ የሚማረው የእኔን ስክሪን ሲያይ ነው ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቀን በቀን ያየሁት ግን ትምህርቱ የሚገባው እጁ በተራው ወደ ጋራው ስክሪን በገባ ጊዜ ነው። ይህን እስከ ዛሬ አምነዋለሁ፤ ኋላ ያየኋቸውን ነገሮች ሁሉ የመዘንኩትም በዚህ ነው።

ሐሳቡ ከማይክሮሶፍት በፊት የቆየ መሆኑን ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በትልቅ ጉባኤ ፊት ተቀምጦ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ማሽኑን አሳየ። ማውስ ለሕዝብ የታየው ያን ቀን ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ይህንኑ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ወደ መጨረሻው አካባቢ ያለው ክፍል ነው። ቢል ፓክስተን የሚባለው ባልደረባው ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል። ሁለቱም አንድ ጽሑፍ በፊታቸው አለ። የሁለቱም ጠቋሚ በዚያው ጽሑፍ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የፓክስተን ፊት ደግሞ ከጥግ ይታያል፤ እየተነጋገሩ ይሠራሉ። ሐሳቡ ገና ሲወለድ ሁለት እጅ ነበረው። በዚያ ዘመን እኛ አገር ኮምፒውተር የሚባለውን ያየ ሰው ጥቂት ነበር፤ ኤንግልባርት ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፒያሳ ላይ የተፈጠረውን ነገር በትክክል አሳይቶት ነበር።

ከዚያ መሐል ስላለው ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ፤ ቡና ያለበት ስለሆነ ልቤ ይወደዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ተመራማሪዎቹ አንድ የቡና ማፍያ ለብዙ ሰው ነበራቸው። ከሌላ ፎቅ ደረጃ ወርዶ የመጣ ሰው ማሰሮው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ ካሜራ ወደ ማሰሮው አዞሩና ምስሉ በየተመራማሪው ስክሪን ላይ በትንሽ መስኮት እንዲታይ አደረጉ። ምስሉ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይታደስ ነበር፤ ቡና ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ይበቃል። ለዚህ ፕሮግራም ከጻፉት አንዱ ክዌንቲን ስታፎርድ-ፍሬዘር ነው። ይኸው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ እዚያው ካምብሪጅ በሚገኘው የኦሊቬቲና የኦራክል ቤተ ሙከራ ቪኤንሲ የተባለውን የስክሪን ማጋሪያ ፕሮግራም ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ከነኮዱ በነፃ ለዓለም ተለቀቀ። በእኛ ክፍል ኔትሚቲንግን የተካው ይህ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የማሽኑን ስክሪን በአራት ማዕዘን ቁራጮች ከፋፍሎ ያየዋል፤ የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ ይልካል። ምንም ካልተለወጠ ምንም አይልክም። ከተመልካቹ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ማውሱ የት እንደደረሰና የትኛው ቁልፍ እንደተመታ ነው። ይህ ቁጠባው ነው ደካማ መስመር ላይ ያኖረው።

ለእኛ ግን ቪኤንሲ የሰጠን ሌላ ጥቅም ነበር፤ ፊደላችንን አዳነልን። በዚያን ጊዜ ግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ ትርምስ ውስጥ ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ላይ አስቀምጧል። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ የጋራ ቦታ ሰጥቶታል፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ዓመታት ወስዷል። ሊኑክስ በሞከርንባቸው ማሽኖች ላይ ችግሩ ከፋ። በኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ኤክስ የሚባለው የመስኮት ሥርዓት አንድን ፕሮግራም ከሌላ ማሽን ላይ ማሳየት ይችላል፤ በዚያን ዘመን አሠራሩ ግን ፕሮግራሙ «ይህን ፊደል ጻፍ» ብሎ ትእዛዝ ይልካል እንጂ ቅርጹን አይልክም። የፊደሉ ቅርጽ በሚታይበት ማሽን ላይ መኖር አለበት። ከሌለ ባዶ ሳጥን ይሰለፋል። ቪኤንሲ ግን ተስሎ ያለቀውን ስለሚልክ ፎንት የሌለው ማሽን ላይም «ሀ ሁ ሂ» ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ይህን ማሠልጠኛው ውስጥ ብቻ አይደለም የተጠቀምንበት። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንድ የጽሕፈትና የኅትመት ቢሮ ነበር። ፓወር ግዕዝ የተጫነበት አንድ ማሽን አላቸው፤ የምትጽፈው ልጅ እዚያ ትቀመጣለች። አራሚው ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የሚቀመጡት ግን በእኛ ፎቅ ስለነበር ደረጃ መውረድና መውጣት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በእኛ ፎቅ ጥግ ላይ ለነበረ አሮጌ ማሽን ኬብል ጎትተን ስክሪኗን ለእሳቸው አደረስንላቸው። እሷ ታች ትጽፋለች፣ እሳቸው ላይ ሆነው ያያሉ። «ሕዝብ» በሃሌታው ሀ ከተጻፈ ቀስታቸው ከፊደሉ ሥር ትመጣና ትቆማለች። እሷ ታጠፋውና በሐመሩ ሐ ትጽፋለች። «ሥራ» በእሳቱ ሰ ከመጣ ንጉሡን ሠ እስክታስገባ ቀስቷ አትነቃነቅም። መጀመሪያ ላይ ተናዳባቸው ነበር፤ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን ቀስቷ ሳትመጣ ራሷ ታስተካክል ጀመር። አንድ ቀን ደረጃውን ሮጣ ወጥታ «ጋሼ፣ ‹ዓይን›ን በአልፋው ነው የጻፉት፤ እኔ አስተካክዬዋለሁ» አለቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁና «መረቅሁሽ» አሏት። አራሚና ጸሐፊ አንድን ገጽ እኩል ይዘው ሲሠሩ ካየሁት ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላየሁም።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማው መጣ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ጠፍጣፋ ስክሪኖች ተሰቀሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የባዮሎጂ ትምህርት በእንግሊዝኛ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። አንድ ትምህርት በአንድ ሰዓት ከጋምቤላ እስከ አፋር በሺዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች ይታይ ነበር። ትልቅ ነገር ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ አሲድ ከቤዝ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን መጀመሪያ ያየው በዚያ ስክሪን ላይ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት መስመሩን ለማስተካከል ሄጄ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ተከታትያለሁ። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፤ ከዚያ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ልጆቹ ግን ገና ጥያቄውን እየገለበጡ ነው። መምህሯ ከጎን ቆማለች። ማቆም አትችልም፤ ወደ ኋላ መመለስ አትችልም፤ ሥርጭቱ ለመላው አገር አንድ ነውና ለእሷ ክፍል አይጠብቅም። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የስክሪኑ ነው፤ ለእሷ የሚቀርላት መግቢያና መዝጊያ ላይ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት።

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ሲመለከት አየሁት። አላኮረፈም፣ አልተኛም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፣ እጁ ጭኑ ላይ ነው። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። እኔ በግሌ ለፕላዝማው የዋለው ጉልበትና ገንዘብ ከፊሉ መምህሯ ሥርጭቱን ልታቆምበት ወደምትችልበት መንገድ ቢሄድ ኖሮ፣ ያ ልጅ ደብተሩን አይዘጋም ነበር ብዬ አምናለሁ። ስንት ክፍል እንደሚያየው ተቆጥሯል። የማን እጅ እንደሚነካው ግን አልተጠየቀም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስክሪን ሼር ማድረግ ተማረ። «ይታያችኋል?» የሚለው ጥያቄ የዘመኑ ሰላምታ ሆነ። ኢንተርኔት ያለው ተማረ፤ የሌለው ቀረ። እኔም ቤታቸው ለተቀመጡ ልጆች ያንኑ የድሮ ትምህርት በዙም ሳስተምር፣ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። የአገሩ መለያ 967 ነው፤ የመን።

«ቲቸር፣ ደኅና ነዎት? ወላሂ ድምፅዎ አልተለወጠም።»

የደሴዋ ልጅ ናት። ኤደን ነው ያለችው፤ የነዳጅ ማጣሪያው በሚገኝበት በቡረይቃ ወረዳ፣ ሰላሕ አድ-ዲን በሚባለው ሰፈር። የሄደችው ከእኛ ክፍል ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ነው። መጀመሪያ በሰው ቤት ሠራች፤ ኋላ ዓረብኛው ሲገባት አንድ ባለሱቅ ሒሳብ እንድትይዝለት ቀጠራት። በ2007 ዓ.ም. የየመን ጦርነት ኤደን ሲገባ እዚያው ነበረች። አሁን ከደሴዋ እኅቷ ጋር በሒሳብ መግባባት አቅቷቸዋል። እሷ ገንዘብ ትልካለች፤ እኅቷ በዚያ የልብስ ሱቅ ከፍታለች፤ ስንት እንደተላከና ስንት ዕቃ እንደተገዛበት በስልክ ሲነጋገሩ ቁጥሩ አይገጥምም። ነገሩ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ መኮራረፍ ጀምረዋል።

ችግሩ ከምን እንደመጣ ስትነግረኝ ገባኝ። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሰንዓን የያዙት ሁቲዎች አዲሶቹን የሪያል ኖቶች ስላገዱ፣ አንዱ ሪያል ኤደን ላይና ሰንዓ ላይ ሁለት ዋጋ ያለው ሆኖ ነበር፤ የኤደኑም በየጊዜው ይወርድ ነበር። በሪያል የቆጠረችው ደሴ ሲደርስ በብር ሌላ ይሆናል። እያንዳንዱ የተላከ ገንዘብ የየዕለቱን ምንዛሪ የሚይዝ የራሱ ዓምድ ያስፈልገዋል። ሠንጠረዡን በእኔ ማሽን ላይ ሠራሁት። ከዚያ እሷን ከኤደን፣ እኅቷን ከደሴ በዙም አስገባኋቸውና የኤክሴሉን መስኮት ብቻ አጋራሁ።

መስመሩ ቀላል አልነበረም። ኤደን ውስጥ በሙቀቱ ወራት መብራት ለብዙ ሰዓት ይጠፋል፤ ላፕቶፗ ባትሪው እስካለ ድረስ ነው የምንሠራው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 በስዊዝ አካባቢ የባሕር ሥር ኬብል ተቆርጦ የመን 80 በመቶ ያህል የኢንተርኔት አቅሟን ለሳምንታት አጥታ ነበር፤ ከተጠገነም በኋላ ፍጥነቱ ቀርፋፋ ነበር። ምስላችንን አጥፍተን ሠንጠረዡን ብቻ እንተዋለን። የቁጥር ሠንጠረዥ ብዙ አይለወጥም፤ አንድ ሕዋስ ሲጻፍ ያችው ቁራጭ ብቻ ናት የምትጓዘው። ለቪዲዮ የማይበቃ መስመር ለሒሳብ በቃ።

የመን ውስጥ በጥንት ጊዜ የአይሁድ ልጆች መጽሐፍ ስለሚያጥራቸው አንዱን መጽሐፍ መሐል አድርገው ከበው ይማሩ እንደነበር፣ ከየአቅጣጫው ያዩ ስለነበርም ተገልብጦ የተቀመጠ ጽሑፍ የሚያነቡ ልጆች እንደወጡ አንብቤያለሁ። በመካከላችን ቀይ ባሕር እያለ ሦስታችን አንድ ገጽ ስንይዝ ያ ታሪክ ይመጣብኛል። ለእያንዳንዳችን ገጹ ቀጥ ብሎ ነው የሚታየን።

መቆጣጠሪያውን መጀመሪያ ለኤደኗ ሰጠሁ። የላከችውን ከነቀኑ ጻፈች። ቀጥሎ ለደሴዋ ሰጠሁ። እሷ ኮምፒውተር ብዙም አትነካም፤ ቀስቷ ስትንቀጠቀጥ እኅቷ ከኤደን «ወደ ታች፣ አዎ፣ እሱ ጋ፣ አሁን ጻፊ» ትላታለች። ከዚያ የገዛችውን ዕቃ በየተራ አስገባች፤ ጨርቅ፣ ሽርጥ፣ የሴት ቀሚስ፤ የቤት ኪራዩንም ጨመረች። ዙም ለሦስት ሰው በነፃ የሚፈቅደው 40 ደቂቃ ስለሆነ በየመሐሉ ይቆረጣል፤ እንደገና እንገባለን። የተጣሉበት ልዩነት ሁለት የምንዛሪ ቀናት ሆኖ ተገኘ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ወዲያው ስለ እናታቸው መድኃኒት ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ማይኬን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ መጨረሻ እንገናኝ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ተቋረጠ። ስልኩ ተዘጋ፤ ኤደኗ በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ የምነግራት የለኝም። በታኅሣሥ እኅቷ ተገኘች። ሱቁ ተዘርፏል። መስመሩ ሲመለስ ሦስታችን ተሰበሰብን። ፋይሉ በእኔ ማሽን ላይ ስለነበር ከዕቃው ዝርዝር አንድ ረድፍ አልጠፋም። አዲስ ዓምድ ጨመርኩና «የጠፋ» ብዬ ርእስ ጻፍኩለት፤ ከዚያ መቆጣጠሪያውን ለደሴዋ ሰጠሁ። ጨርቁን ከሽርጡ ለይታ፣ የቀረውን ቆጥራ፣ ያለ እኅቷ እርዳታ አንድ በአንድ ሞላችው። ታች ስትደርስ ድምሩን ራሷ አስገባች፤ እኩል ምልክቱን፣ ቀመሩን፣ ቅንፉን። ኤደኗ «ስንት ብልክ ይበቃሻል?» ብላ ጠየቀቻት። የደሴዋ «ቆይ፣ ምንዛሪው ዛሬ ስንት ነው?» አለችና ቀስቷን ወደ ምንዛሪው ዓምድ ወሰደችው።